የማይታጠፍ ደም

ምላጭ ይሏታል፤ ምላሷ ማንንም አይምርም። ታናሽ ወንድሟ በከባድ ወባ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ ግን ከምላሷ ይልቅ ሥራ የበዛበት ዓይኗ ነው። የላቦራቶሪው ሰውዬ ትናንት ከልጁ ደም ቀድቶ ሄደ፤ ዛሬም ከች አለ። ትኩሳቱ በርዷል፤ ምርመራውም ወባው ጠፍቷል ብሏል። ታዲያ ምን ቀረው?

«ደሙን ይሸጡታላ» አለች አክስቷ፣ የልጁን ልብስ ፌስታል ውስጥ እየጠቀጠቀች። «ይዘነው እንሂድ።»

«ቆይ አክስቴ፣ የት እንደሚያደርሰው ልየው።»

ሰውዬውን በኮሪደሩ ግድግዳ ለግድግዳ ተከተለችው። ሰውዬው ደሙን የትም አልወሰደውም፤ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባው።

«ግቢና እዪ» አላት ሳይዞር። «በር ላይ አንገት ከማስገግ ይሻላል።»

ከማይክሮስኮፑ ጋር በተያያዘው ስክሪን ላይ ከፀጉር የቀጠነ፣ የደም ሥር አምሳያ ቦይ ይታያል። «ጤነኛ ቀይ የደም ሴል እዚህ ጋ ሲደርስ ተጣጥፎ ሹልክ ይላል። የወንድምሽ ግን ደርቋል፤ አይታጠፍም፣ ይወተፋል። ወባው ያልገባባቸው ሴሎች እንኳ ደርቀዋል። ደሙም በጣም አንሷል። አሁን ቤት ብትወስዱት ልታጡት ትችላላችሁ፤ ደም መውሰድ አለበት።»

«ሲያወሩት ያምራል፣ ጋሼ። እስቲ የማን ደም እንደሆነ ሳይነገርዎ ይለዩት።»

ሰውዬው ሳቀ። ከጣቷ ጠብታ ደም ወስዶ በብልቃጥ በጠበጠና ከወንድሟ ብልቃጥ ጎን አስቀምጦላት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምላጭ አንዱን ሰጠችው፤ አየው። ይሄ ደግሞ ሌላው ነው ብላ ያንኑ መልሳ ሰጠችው።

«ይሄም ያንቺ፣ ያም ያንቺ» አለ። «የወንድምሽን የት ደበቅሽው?»

የወንድሟን ብልቃጥ መለሰችለት። ለካ እስካሁን ሰውዬው ሌባ እንዲሆንላት ስትመኝ ነበር። ሌባ ቢሆን ወንድሟ ድኗል ማለት ነበር።

እየሮጠች ስትመለስ አክስቷ ልጁን አቅፋ ቆማለች። ትንፋሹ ቁና ቁና ይላል።

«አስተኚው አክስቴ።»

«አንቺንም መድኃኒት አስነኩሽ?»

«ላጭበረብረው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሰውዬው እውነቱን ነው።»

አክስቷ ይህችን ልጅ ያሸነፈ ሰው አይታ አታውቅም። ልጁን ቀስ አድርጋ አስተኛችው።

ነርሷ የደም ከረጢት ይዛ ስትመጣ ግን ምላጭ መንገድ ዘጋችባት። «ይሄኛውስ ደም ይታጠፋል?»

ነርሷ ግራ ገባት። ምላጭ ግን ከረጢቱን እንዲያይላት ሰውዬውን ልትጠራ ኮሪደሩን አጋምሳው ነበር።