ሁለት ጥቁር ፌስታል
ጤና ጣቢያው ለአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሰገራ ናሙና መያዣ ብልቃጥ ሲያድል፣ ልብስ ሰፊው የራሱን ተቀብሎ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ወሸቀው።

«ምንም አላመመኝ! በዚህ ዕድሜዬ ሰገራዬን ተሸክሜ ሰው ፊት ልቁም?» አላት ሚስቱን።

«ጎረቤታችን መካኒኩ እንኳ ሰጥቶ መጣ» አለችው መርፌዋን ሳታቆም። «ደግሞ አንተን ‹ፈሪ ነው› ብሎሃል አሉ።»

መካኒኩ በዳማ የሚፎካከረው ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ደሙ ፈላ። በማግስቱ ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ጤና ጣቢያ ሄደ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ መካኒኩ ተቀምጧል፤ ከጃኬቱ ሥር የጥቁር ፌስታል ጫፍ ብቅ ብሏል።

«አንተ ሰጥተህ የለም እንዴ?» አለው ልብስ ሰፊው።

«ሰጥቷል የተባልከውስ አንተ! ‹ልብስ ሰፊው ፈሪ ብሎሃል› ያለችኝ ሚስቴ ናት!»

ተያዩ። ሚስቶቻቸው ከጧት እስከ ማታ አብረው እንደሚያወሩ ያኔ ትዝ አላቸው። አግዳሚው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ነርሷ ሁለቱንም ፌስታል ስትቀበል እንኳ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር።

የመካኒኩ ውጤት ደህና ሆነ። የልብስ ሰፊው ናሙና ግን ደም ታየበት። ሆስፒታል ተልኮ አንጀቱ በካሜራ ሲታይ ገና ወደ ካንሰር ያልተለወጠች እባጭ ተገኘችና እዚያው ተቆርጣ ወጣች።

ቤት ሲገባ ሚስቱን ትኩር ብሎ አያት።

«ዋሽተሽኛል።»

«አዎ» አለች ትራሱን እያስተካከለችለት። «ለሚቀጥለው ቀጠሮህም ሌላ ውሸት እያሰብኩ ነው።»