በጽዋ የተቆረጠ ዋጋ

«አሥራ ስምንት!» ብሎ አስናቀ ከአይሱዙው ላይ ሲጮህ የገሳይ ድንች ተራ ጸጥ አለ። ጸጥ አለ ሲባል እንዲሁ አይደለም፤ አህያ እንኳ ያነሣችውን ጅራት ሳትጥል ቆመች ይባላል። ከጉና የሚወርደው፣ ከመላጣ ላይ ጸጉር የሚነቅለው ንፋስም ለአፍታ ጆሮውን የጣለ መሰለ።

ቢደንቃቸው አይፈረድም። በገሳይ የድንች ገዢ አራት፣ የአራቱም ዋጋ አንድ ነው። የዚያን ሰሞን በኪሎ አሥራ አራት ብር ነበር። ገበሬው ከአንዱ ሚዛን ወደ ሌላው ቢዞር፣ ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ ያው አሥራ አራት። አምስተኛ ገዢ ግን ታይቶ አያውቅም።

አስናቀ እስከ አምና ድረስ የአለሙ ጫኝ ነበር። አለሙ የአራቱ ገዢዎች አውራ ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ገበያ የሚገባ ሰው። አስናቀ የሰውየውን ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ትከሻው ላይ እንደ በሬ ጫንቃ ጠባሳ አወጣ። ዘንድሮ ጥንድ በሬዎቹን ሸጠ፣ ከአንበሳሜ መኪና ተከራየ፣ «ከእንግዲህ ጆንያ ብሸከም የራሴን ነው» ብሎ ማለ።

«ልጄ፣ እውነትህን ነው?» አሉት እሜት እቴነሽ፣ የክርስትና እናቱ፤ የድንች ጆንያቸውን ተደግፈው።

«እውነቴን ነው እማየ። ደብረ ታቦር ላይ እኮ ሰው በአርባ ነው የሚገዛው። መሀል ያለው የት ይገባል?»

«አለሙ ሆድ ነዋ!» አለ የአስናቀ ጎረቤት መልካሙ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

እንዳጋጣሚ የወረዳው የንግድ ባለሙያ ቤዛዊት ያን ቀን ድምፅ ማጉያ ይዛ ገበያ መሀል ቆማለች። «ገዢዎች ተመካክረው አንድ ዋጋ መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል! ሲወዳደሩ እናንተም ታገኛላችሁ፣ ከተማ ያለው በላተኛም ይጠቀማል!» ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው አለሙ ነበር። «እሰይ የኔ ልጅ! ሕግ አይጥፋብን!» እያለ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።

አስናቀ ባለሙያዋን ከመኪናው ኋላ ጠብቆ ያዛት።

«እህቴ፣ ሲመካከሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የት?»

«በሚካኤል ማኅበራቸው። ዳቦውን ተሸክሜ የምገባው እኔ ነበርኩ። ቄስ ሞገስ ጸልየው ሲጨርሱ አለሙ ጽዋውን ያነሣና ‹አሥራ አራት› ይላል። ሦስቱ ‹አሜን› ይላሉ። በቃ።»

ቤዛዊት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ዋጠችው። «ቄሱስ?»

«እሳቸውማ ነጋዴ ሳይጣላ በፍቅር መኖሩ ደስ ብሏቸው ይመርቃሉ።»

«ይህን ደብረ ታቦር መጥተህ ቃልህን ከሰጠህ ክስ ይመሠረታል። ያለ ምስክር ግን ባዶ እጄን ነኝ። ደውልልኝ። ካልደወልክ እኔ እደውላለሁ።»

የማኅበር ገመና ማውጣት ምን እንደሚያስከትል አስናቀ ያውቃል። ሆኖም «እሺ» አለ። ያን ቀን መኪናው ሞልቶ ሄደ። ገበሬዎቹም ትከሻውን እየሳሙ ለመጪው ቅዳሜ ድንቻቸው የእሱ ብቻ እንደሆነ ማሉለት። በማርያም ማሉ፣ በጊዮርጊስ ማሉ፤ በዚያ አገር ያልተጠራ ታቦት አልቀረም።

ቅዳሜ ደረሰ። አለሙ በርጩማ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃያ ሁለት!»

«ሃያ ሁለት!» «ሃያ ሁለት!» ብለው ሌሎቹ ተቀባበሉት።

መሐላው ከአፍ ሳይደርቅ ሰው ዞረ። አህያው ሳይቀር ሮጠ፤ ኩሩ የነበረች አንዲት አሮጌ በቅሎ ጭነቷን ይዛ ጋለበች ይላሉ። አስናቀ ሃያ ሦስት ልበል ቢል እነሱ ሃያ አራት ይላሉ፤ የእሱ ኪስ የሁለት በሬ ዋጋ ብቻ ነው። ሮጦ የመልካሙን አህያ ገመድ ያዘ።

«አንተ እንኳ? በጊዮርጊስ አልማልክልኝም?»

«አስንዬ፣ ቤቴ ክዳን ይፈልጋል። ልቀቀኝ። መሐላ ቆርቆሮ አይሆነኝም።»

አንድ ሰው ብቻ ወደ እሱ መጣ። እሜት እቴነሽ ሁለት አህያ ድንች እየነዱ።

«እማየ፣ እዚያ ሃያ ሁለት እኮ ነው!»

«ዓይኔ ደከመ እንጂ ጆሮዬ ይሰማል። ዛሬ ሃያ ሁለት ያለ ሰው ነገ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጅብ ጠቦት የሚያስታምመው እስኪመሽ ነው። በአሥራ ስምንትህ መዝን።»

ለመጫን ሰው ጠራ፤ ማንም አልመጣም። የአስናቀን ጆንያ የነካ የአለሙን አይነካም ተብሏል። ስለዚህ ራሱ ጎንበስ አለ። አለሙ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ መጥቶ ከራሱ ላይ ቆመ።

«ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አትስበር! እኔ አላስተማርኩህም?»

ባለፈው በአለሙ ሆድ የሳቁት ሰዎች አሁን ኪሳቸውን ይዘው በአስናቀ ወገብ ሳቁ። መልካሙም ሳቀ። አይሱዙው የአንዲት አሮጊት ድንች እያንከባለለ ሄደ። ሾፌሩ ሲለያዩ «ከዚህ ወዲያ አልመጣም» አለው። የበሬዎቹ ዋጋ በመንገድ አለቀ።

በሚካኤል ዕለት አለሙ ሰው ላከበት። አስናቀ ሲገባ ማኅበርተኞቹ ተነሥተው አስቀመጡት፤ ዳቦ ተሸክሞ ይቆም በነበረበት በር ሥር ሳይሆን ከአለሙ ጎን።

«ና የኔ ልጅ፤ በሚካኤል ቂም የለም» አለው አለሙ። «ከመኪናዬ ግማሹን ትጭንበታለህ፤ ከእኛ እንደ አንዱ ትሆናለህ። ካልፈለግህም ጆንያዬ አለ። ትከሻህ እንደሆነ ያው ነው።»

ቄስ ሞገስ የታረቀ ሰው አይተው ዕንባቸው መጣ። ጸሎቱን አድርሰው ባረኩ።

አለሙ ጽዋውን አነሣ። «አሥራ አንድ።»

«አሜን» አሉ ሦስቱ። ከዚያ ሁሉም ወደ አስናቀ ዞሩ። ጽዋውን ተቀብሎ ተጎነጨ። አፉ ሙሉ ስለነበር አሜን ይበል አይበል ማንም አልለየም።

የማግስቱ ገበያ ልቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ድንች እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም፤ ዝናብ እየመታው ነውና በየጆንያው ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ግማሽ ቤት ብቻ በቆርቆሮ የከደነው መልካሙ «አሥራ አራት እንኳ በሉኝ» እያለ የአለሙን ጉልበት ይስማል። አስናቀ በአዲስ ሚዛን ኋላ፣ ከአራቱ ቀጥሎ ቆሟል።

እሜት እቴነሽ አራቱን ሚዛን ዞር ብለው ሳያዩ አልፈው መጡ። እየሳቁ።

«ከነዚህ ጋር ምን አለኝ? ተመስገን፣ ዛሬም ቆመህልኛል። አህዮቼም ያንተን ሚዛን ለምደዋል። ስንት ትላለህ ልጄ?»

የአስናቀ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ብቅ አድርጎ ስሟን አየ፤ ቤዛዊት ናት። ቀና ሲል አለሙ ወደ እሱ አይመለከትም። ከሩቅ ቆሞ የራሱን ትከሻ በቀስታ ያካል፤ የአስናቀ ጠባሳ ያለበትን ቦታ።

አስናቀ ስልኩን በአውራ ጣቱ አጠፋው።

«አሥራ አንድ» አለ።

«ምን አልክ? አልሰማሁህም መሰለኝ።»

«አሥራ አንድ ነው። የሚሸጡ ከሆነ ጆንያውን ያስቀምጡ፤ የማይሸጡ ከሆነም ተራ አይዝጉብኝ እማየ፣ ከኋላዎ ሰው አለ።»