ለማደጊያ የተተወ ቦታ

አንድ የነጋዴዎች ማኅበር የአባላቱን ውሎች በየትኛው ብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠብቁት መዝገብ) ላይ ቢያስቀምጥ እንደሚሻለው ምክር ጠየቀ፤ ማወዳደሩ በአማካሪ ድርጅቱ ለምትሠራው ለእሷ ደረሳት። ከቀረቡት ሦስት ኔትወርኮች አንዱ የታላቅ ወንድሟ ነው። ይህንኑ ለአለቃዋ ብትነግረው «ቁጥር ዘመድ አያውቅም» ብሎ ሥራውን መልሶ ጣለባት። እውነቱን ለመናገር ሥራ ፈት ሌላ ሠራተኛ አልነበረውም።

ወንድሟ ከዚህ ሌላ ተስፋ የለውም። ሚስቱ «አሁንም ካልተሳካልህ ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች፤ የምትቀልድ ሴት አይደለችም።

በፍጥነት የወንድሟ ኔትወርክ ሌሎቹን ሁለቱን ጥሏቸው ሄደ። ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ጠረጠረች። ብዙ ኮምፒውተሮች ተማክረው የሚያጸድቁት ነገር ትንሽ መዘግየቱ አይቀርም፤ ከራሱ ጋር የሚማከረውን ግን ማን ያዘገየዋል? ኮዱን ከፈተች። አርባ ፕሮግራመሮች ከየአገሩ ተፍ ተፍ ይላሉ። ስማቸውን ዘላ ሥራቸውን ማንበብ ያዘች። በእያንዳንዳቸው ሥራ ውስጥ ምንም የማይቀመጥበት አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ አጠገቡም «ለማደጊያ» የሚል ማስታወሻ።

አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበር። የልጆቹን ልብስ ሲሰፋ ጫፉ ላይ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ያስቀራል፤ ለምን ሲሉት «ለማደጊያ» ይላቸዋል። ይህን ልማድ ኮድ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። አርባው ሰው ወንድሟ ነበር።

በማግስቱ ቤቱ ሄደች። ኮምፒውተሮቹ ልጆቹ መኝታ ቤት፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ተደርድረው ያጓራሉ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ የታሉ?»

«ነበሩ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «አንድ በአንድ ሄዱ። ዝም ካሉ ኔትወርኩ ሞተ ይባላል፤ በስማቸው ሠራሁ። ሥራው ግን ውሸት አይደለም፤ ዓይኔ እስኪጠፋ የለፋሁበት ነው።»

«የሰው ንብረት እኮ ነው የሚቀመጥበት! አንተ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«አንቺ ዝም ካልሽ ማን ያያል? የእናቴ ልጅ፣ ሪፖርትሽ ላይ አንዲት መስመር እኮ ናት።»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «መጀመሪያ የሄደው ማን ነው? አብረን ጀምረን፣ ደመወዝ ሲጠራሽ ጥለሽኝ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ስምሽ እዚያው ከአርባዎቹ መሃል አለ። ከሁሉም ጎበዟ አንቺ ነሽ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሪፖርቱ ላይ «የሚያጸድቅ፦ አንድ ሰው። ፕሮግራመር፦ አንድ ሰው» ብላ ጻፈች። ማኅበሩ ሌላውን መረጠ። ሚስቱም ያለችውን አደረገች። ወንድሟ ስልኳን ማንሳት ተወ። አለቃዋ ስለ ሐቀኝነቷ በስብሰባ መሃል አመሰገናት። እውነት ያሳርፋል የሚሉ ሰዎች ወንድም የሌላቸው መሆን አለባቸው።

አንድ ቀን ሥራዋን ጨርሳ ሳለ እጇ አላስችል አላትና ኮዱን ከፈተችው። አርባዎቹም ዝም ብለዋል። የመጨረሻው ለውጥ የገባው በእሷ ስም ነው። ምን እንደተለወጠ ተመለከተች፤ አዲስ የተጨመረ ነገር የለም። ከየቦታው ማደጊያው ብቻ ተቆርጦ ወጥቷል።