የሀብተ ወልድ ጀግና አሟሟት

ሀብተ ወልድ መቶ ዓመት የሚነበብ የጦርነት ልብ ወለድ ጽፎ ጨረሰ። ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል። ጦር ሜዳ ግን ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ ረቂቁን ማተሚያ ቤት ከማስገባቱ በፊት፣ የቀድሞው ጦር ወታደር የነበረው ውብሸት ሰምቶ «እውነት ነው» እንዲልለት ምን አለሽ ተራ ወረደ። ጊዜው ሰኔ 1992 ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት ገና ጭሱ አልጠፋም።

ውብሸት ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራል። መዶሻውን አላስቀመጠም።

«ያንብቡት ጋሼ፤ ጆሮዬ እንደሆነ ሥራ ፈት ነው።»

ተራው ሁሉ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ ሀብተ ወልድ እየጮኸ ማንበብ ግድ ሆነበት። ጀግናው ቆስሎ ሲወድቅ ውብሸት ቀና አለ።

«ሆዱን ተመቶ ነው ይሄን ሁሉ የሚናገረው?»

«ኑዛዜ ነው።»

«ስንት ገጽ?»

«አራት።»

«እኛ ጋ ሻለቃው እንኳ በደህና ቀን ይህን ያህል አያወራም ነበር።»

ሀብተ ወልድ ኮስተር ብሎ ቀጠለ። የጀግናው ትንፋሽ ሲቆረጥ የተራው መዶሻ አንድ በአንድ ዝም አለ። አንዲት ሴት ስታለቅስ ተሰማ። የሀብተ ወልድ ደስታ ሊገነፍል ምንም አልቀረው፤ ዘላለማዊ ሥራ ማለት ይሄ ነው!

ቀና ሲል፣ ከጎን ወንፊት የሚሸጡት እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ልጃቸው ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ የለም። ወረቀት ይዞ ሞት የሚያነብ ሰው ሲያዩ መርዶ መስሏቸዋል።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም እትዬ። ልብ ወለድ ነው፣ ከራሴ ያመጣሁት።»

እትዬ አስናቀች ሦስቴ አማተቡ። ከዚያ ተቆጡ።

«ታዲያ በአንተ እጅ ያለ ልጅ ምን ቢበድልህ ገደልከው?»

«ካልሞተ እኮ ሥራው አይዘልቅም…»

«ልጁስ ቢዘልቅ ምን አለበት?»

ውብሸት መሬት መሬት እያየ ሳቁን ዋጠ።

ሀብተ ወልድ ያችን ሞት ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጦ ይወዳታል፤ ስሙን የምታስጠራለት እሷ ነበረች። እስክሪብቶውን አወጣ፣ ትንሽ አመነታ፣ ሰረዛት።

«እሺ፣ ቤቱ ገባ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን ይብላ?»

እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን አቃንተው ከጎኑ ቁጭ አሉ።

«ምን ችኮላ አለ? መጀመሪያ እግሩን ይታጠብ እንጂ። ውሃው ለብ ይበል። ቀስ ብለህ ጻፍ፤ መንገድ አድክሞታል።»