የከረባት ምንጣፎች

ሐጂ አብዱልቃዲር ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ሱቁ በር ላይ ሲቆሙ፣ ነጅዋ መሬት ላይ ለሚዘረጋው የመጅሊስ መቀመጫ ትራስ እየሰፋች ነበር። የአጎቷን ፊት ስታይ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች።

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይሄን ታቃጥዪዋለሽ» አሏት። «እዚሁ በር ላይ፣ ሰው እያየ።»

«ምን አጥፍቶ ነው የሚቃጠለው?»

«የሚወራውን አልሰማሽም? መስገጃ እየቆረጠች ጠንቋይ ታስቀምጥበታለች ነው የሚሉት። ከእኔ ሱቅ መስገጃ!»

ነጅዋ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። አጎቷ እንዳልቀለዱ ስታይ ግን መሳቁን ተወችው።

አባቷ ከሞተ ወዲህ የምትሠራው ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ባለው በእኚሁ አጎቷ የምንጣፍና የመጅሊስ ሱቅ ነው። የስፌት መኪናው የራሷ ነው፤ ቦታው የአጎቷ። ከገለምሶና ከመቻራ ሳይቀር ሙሽሮች እሷን ብለው ይመጣሉ፤ እሷ የሰፋችው ትራስ ጠርዙ አይዛባም፣ ተቀምጠውበት አይተረተርም።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ግን የሙሽራ ዕቃ አልነበረም። የመዳፍ ግማሽ የማያህሉ በራሪ ምንጣፎች ናቸው። ነገሩ የጀመረው ከሱቁ ማዶ፣ ሀይሌ የሚባለው ወጣት በከፈተው የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያበቃ እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ሀይሌ፣ ነርሷ አክሱማዊት፣ ጨዋታውን ድሬዳዋ ሲማር ለምዶ ያመጣው ሑዘይፋ፣ እና ነጅዋ። ሑዘይፋ ተረት ይመራል፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ሆነው ይጓዛሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይዋጋሉ፣ ያመልጣሉ። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተሳለ ካርታ ይዘረጋል፤ ማን የት እንደቆመ የሚታየው የጣት አንጓ በሚያህሉ ምስሎች ነው። ነገሩ መሳካቱን ለመወሰን ሌላው አገር ባለነጥብ ጠጠር፣ ዳይስ ይጥላል። እነሱ ግን ነጅዋ «ዳይስ እኛ ቤት አይወደድም» ስላለች፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠቅልለው ከጣሳ ያወጣሉ። ምስሎቹም ፊት የላቸውም። ይህንንም ያለችው እሷ ናት።

ነጅዋ በተረቱ ውስጥ ከቦርደዴ ቆላ ተነስታ ተራራ ለተራራ የምትዞር ሲራራ ነጋዴ ነበረች። አንድ እሁድ ሁሉም ገደል አፋፍ ላይ ቀሩ። ድልድዩ ተሰብሯል፣ ሽፍታው ከኋላ ደርሷል። «ዋሻው ውስጥ አሮጌ ምንጣፍ ታገኛላችሁ፤ ስትረግጡት ከመሬት ይነሳል» አለ ሑዘይፋ፤ ምንጣፍ ነው ብሎም የተቀደደ የካርቶን ቁራጭ ካርታው ላይ አስቀመጠ። ዕድሜዋን ምንጣፍ ስትለካና ስትሰፋ የኖረች ሴት ይህን አይታ ዝም ልትል አትችልም።

«ይሄ ምንጣፍ ነው? ለሳምንት ምንጣፍ አመጣላችኋለሁ» አለች።

መጀመሪያ የሱቁን ቁርጥራጭ ሞከረች። ወፍራም ነው፤ አንዱ አበባ ብቻውን ምስሉን ያክላል። መስገጃ እንኳን ልትቆርጥ፣ ከመደርደሪያው አላወረደችም። የምትፈልገውን ያገኘችው ሰልባጅ ተራ ነው፤ ከሸሚዝ ክምር ሥር የተረሳ፣ ማንም የማይገዛው ከረባት። የከረባት ጥልፍ ደቃቅ ነው፤ በልክ ሲቆረጥ የትልቅ ሳሎን ምንጣፍ ይመስላል። ከሥሩ የለስላሳ ጣሳ ቆርቆሮ በኮላ ለጠፈችበት። ቆርቆሮው እንዳጠፉት ስለሚቀር፣ ጨርቁ ነፋስ እንደገባበት ይሞገዳል። ጫፍና ጫፉን በመርፌ እየተረተረች ዘርፍ አወጣችለት። ብርሃን በሚያሳልፍ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርኪ ላይ አቆመችው፤ ቆርኪውንም በጥጥ ሸፈነችው፣ ደመና ሆነ። እሁድ ካርታው ላይ ስታስቀምጠው አክሱማዊት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሑዘይፋ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ከለጠፈው በኋላ ድሬዳዋም አዲስ አበባም ያሉ ተጫዋቾች «ለእኛም ሥሪልን» ማለት ጀመሩ።

መጥፎው ወሬ የመጣው ከበደሳ ከተማ ነው። ነጅዋ ለአንድ የበደሳ ቡና ነጋዴ ልጅ ታጭታለች፤ ስሙ ሳቢት ነው። ወዳው ነበር። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ስትስቅ አብሯት የሚስቅ ሰው ነው። ያሳደገችው አክስቱ ጣሂራ የመጅሊስ ጨርቅ ልትመርጥ ሱቁ ስትመጣ፣ መስኮቱ ላይ ኮላቸው እንዲደርቅ የተደረደሩትን ምንጣፎች አየች። አንዱ ላይ ፊት የሌለው፣ ካባ የለበሰ ምስል ቆሟል። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ቡናዋን ጠጥታ፣ ጨርቋን መርጣ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ በደሳም ጭሮም የመስገጃውን ወሬ ይዘው ተነሱ።

አጎቷ ካርቶኑን ይዘው በመጡበት ቀን ሳቢት ደወለ። «ወላሂ እኔ አላምንም» አላት። «ግን አቃጥዪውና ይለፍ። ከኒካሕ በኋላ እቤታችን እንዳሻሽ ትሠሪያለሽ።»

«ተደብቄ?»

«ሰው እስኪረሳው ድረስ ነው።»

ነጅዋ ስልኩን ዘጋችው። ካርቶኑን ይዛ እቤቷ ገብታ ለእናቷ ለዑሙልኸይር ስትነግራት፣ እናትየው ካርቶኑን ከፍታ አየች። «ጨርቅና ቆርኪ ነው፣ ልጄ። ይቃጠል። ጨርቅ አይጠፋም።»

«ኡሚ፣ ጨርቁማ አይጠፋም። ግን ካቃጠልኩት አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን መስገጃ የቆረጠችው ሴት እባላለሁ። ልጅ ብወልድ፣ መስገጃ የቆረጠችው ልጅ ይባላል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ነገ በደሳ እሄዳለሁ።»

የታጨች ሴት ሳትጠራ አማቾቿ ቤት አትሄድም። እናትየው ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የልጇን ዓይን አየችና ተወችው። በማግስቱ ነጅዋ ካርቶኑን አቅፋ ስትወጣ፣ ዑሙልኸይር ሻሿን አስራ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። «ብቻሽን አትሄጂም» አለች።

በሚኒባስ ሄዱ። ነጅዋ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ካርቶኑን ከጉልበቷ ከፍ ታደርገው ነበር።

ጣሂራ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ሳሎን ተቀምጣ ነበር። እናትና ልጅ ሰላምታ ሰጥተው ገቡ። ነጅዋ አልተቀመጠችም። ምንጣፎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ሴቶቹ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው።

«አዴ ጣሂራ፣ መስገጃ የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ። ይንኩት፣ ይገልብጡት።»

ጣሂራ እጇን አላነሳችም። አንደኛዋ ጎረቤት ግን አላስቻላትም፤ ቀዩን አንስታ በጣቶቿ አሸችው፣ ገለበጠችው። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ምልክት ብቅ ብሏል። «ከረባት!» ብላ ሳቀች። «ይሄማ ከረባት ነው! ጠንቋይ የተባለውስ?»

«የጨዋታ ምስል ነው። ፊት እንኳ የለውም» አለች ነጅዋ።

«ከረባትም ይሁን» አለች ጣሂራ። «የሰው አፍ አንዴ ተከፍቷል። አፍ ዳገት አይፈራም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። የእኛ ቤት ስም አለው። አቃጥዪውና ነገሩ ይዘጋ።»

«አፉን የከፈቱት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይዝጉት።»

የሳቀችው ጎረቤት ምንጣፉን ቀስ ብላ መለሰች። ሳቢት ድምፅ ሰምቶ ከጓሮ ገባ። ነጅዋ ወደሱ ዞረች።

«አንተ አላምንም ብለኸኛል። እዚህ፣ በአክስትህ ፊት በለው።»

ሳቢት አክስቱን አየ፣ ነጅዋን አየ፣ ወለሉን አየ። «ነጅዋ... ለጊዜው...» አለ።

የእጮኝነት ቀለበቷን ስታወልቅ ጣቷ ላይ ያዛትና ትንሽ አስቸገራት፤ ያ ነገር አሳፈራት፣ ግን አልተወችውም። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ምንጣፎቿን ወደ ካርቶኑ መለሰች። ዑሙልኸይር ብድግ አለች። «ያየ ይናገር» አለች ለጣሂራ። «ሳያይ የሚናገረውን ለአላህ ሰጥቼዋለሁ።»

ሳቢት እስከ ውጭው በር ተከተላቸው። «ጊዜ ስጪኝ» አላት።

«አሁን ነበር ጊዜው» አለችው።

በመልሱ መንገድ አለቀሰች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ተራራ ያረፈበት ያህል ልቧ ከብዷት አለቀሰች። እናቷ ካርቶኑን ከእጇ ተቀብላ ይዛላት ነበር።

ዓርብ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ሱቁ በር ላይ ቆም ቆም አለ። እሳት እንደሚኖር ተወርቷል። ሐጂ አብዱልቃዲር ክብሪትና ላምባ አስቀምጠዋል። ነጅዋ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ወደ በረንዳው ጎትታ አወጣች፤ ነጭ ጨርቅ አነጠፈችበት። ምንጣፎቹን ዘርግታ ደረደረቻቸው። ከጎናቸው ያልተቆረጡትን ከረባቶች፣ ጣሳውንና መቀሱን አስቀመጠች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «መስገጃ የሚባለው ይሄ ነው። የሚጠራጠር ይምጣና ይንካ» አለች። ወዲያው በኦሮምኛ ደገመችው፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል።

ጥቂቶች ጠጋ ብለው ነኩ። አንድ ጫት ነጋዴ ከረባቱን አንስቶ አንገቱ ላይ ለካውና ሰዎች ሳቁ። ሌሎች ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። የአጎቷ ፊት ግን ጠቁሮ ነበር፤ እሳት ብለው ሳቅ አገኙ።

«ከበሬ ላይ አንሺ» አሏት። «ወይ ይሄ፣ ወይ ሱቄ።»

«አጎቴ፣ አባቴን ተክተው አሳድገውኛል። የሚሉኝን ሁሉ ስሰማ ኖሬያለሁ። ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ በዪ ካሉኝ ግን አልልም።»

«እንግዲያው መንገዱ ያው።»

መንገዱን ተሻገረች። አክሱማዊትና ሀይሌ መጥተው ጠረጴዛውን ከነምንጣፎቹ በሁለት ወገን አነሱት፤ ባጃጆች ቆመው አሳለፏቸው። የሀይሌ እናት ደስታነሽ በረንዳዋ ላይ የነበረውን የወረቀት ክምር ወደ ጎን ገፋች። «እዚህ ፀሐይ የለም፣ እዚህ አድርጉት» አለች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ሑዘይፋ የስፌት መኪናውን በባጃጅ ዞሮ አመጣው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱ። መጅሊስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ወደ አጎቷ ሱቅ ይገባል፣ እሷን ሲያጣ እዚያው ሌላ ያሰፋል። ቆይቶ ግን አንዲት የመቻራ ሙሽራ መንገዱን ተሻግራ መጣች፤ ቀጥሎ እህቷ። ነጅዋ ቀን ትራስ ትሰፋለች፤ ሲመሽ ምንጣፎቿን ትሠራለች። የሠራቻቸውን ወደ መንገዱ አዙራ መደርደር አልተወችም። ሳቢት ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳችም። እሁድ ጨዋታው አልተቋረጠም፤ ሲራራ ነጋዴዋ ገደሉን አልፋ አሰቦት ተራራ ሥር ደርሳለች።

አንድ ሐሙስ ሐጂ አብዱልቃዲር መንገዱን ተሻገሩ። ወንበር ሰጠቻቸው። ተቀመጡ፤ አንዱን ምንጣፍ አነሱና እንደ ዱሮ ጨርቅ ነጋዴ በአውራ ጣታቸው ፈተሹት።

«ይሄ ሐር ነው» አሉ።

«አዎ፣ ሐር ነው።»

«ሰልባጅ ተራ ሐር ይገኛል?»

«የሚያውቀው የለም እንጂ ይገኛል።»

መለሱት፤ ዘርፉ እንዳይታጠፍ በጥንቃቄ አስተካክለው አስቀመጡት። «ዓርብ ዓርብ እንኳ ወደ ውስጥ አስገቢያቸው» አሏት። «ሰው ከመስጊድ ሲወጣ እንዳያይ። ለእኔ ስትይ።»

ነጅዋን ከዚህ በፊት አጎቷ ለምነዋት አያውቁም። ቢሆንም መቀሱን አስቀምጣ ዓይናቸውን አየቻቸው።

«ዓርብም እዚሁ ይሆናሉ፣ አጎቴ።»

ሐጂ አብዱልቃዲር ተነሱ። በረንዳውን ወረዱ። ከታች ዞር ብለው ግን «አሰላሙ ዐለይኩም» አሏት፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ያልሰማችውን። ቆማ መለሰችላቸው፤ ባጃጁ አልፎ እስኪሻገሩ ተከትላ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።