የዛጎል ክምር

እኛ ጋ፣ ሳሉም ደሴት ላይ፣ ሕጉ አንድ ነው፤ ባሕር ዳር ጭቃው ላይ የሚበቅለው ዛፍ፣ ማንግሮቭ፣ እርጥቡ አይነካም፣ የደረቀውን ግን ያገኘ ይቆርጣል። ስለዚህ ከባልንጀራዬ ከዲቦር ቤት ጀርባ ያሉት ዛፎች ቆመው መድረቅ ሲጀምሩ ሁላችንም ያየነው ወደ ዋጋን ነው። ዋጋን የዲቦር የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ ዓሣ በጭስ ስለሚያደርቅ እንጨት ይፈልጋል። "እንዲደርቁለት አንድ ነገር አፍስሶባቸው ነው" ተባለ። ሽማግሌዎቹም ጀልባው እስከ ክረምት ተጎትታ ሜዳ ላይ ትቀመጥ ብለው ፈረዱበት። "አመል ያወጣል ከመሐል" ብዬ የተረትኩበት እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ዲቦር ስብሰባው ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። አንዲት ቃል አልወጣትም።

ከዚያ ወዲህ ሩዝ አልወርድ አላት። እኔና እሷ ከማንግሮቭ ሥር ላይ ዛጎል እየለቀምን፣ ሥጋውን ቀቅለን የምናሰጣ ባልንጀሮች ነን። ወባ ይዟት መስሎኝ ስጨቀጭቃት አወጣችው።

ውሃው ሲሞላ ጓሮዋ እየገባ ስላስቸገራት የዛጎሉን ቅርፊት ሁሉ እዚያ ስትደፋ ከርማለች። ከጭቃው እንደ ጣት ብቅ ብቅ የሚሉት ሥሮችም ያደናቅፏት ስለነበር ቀብራቸው ተገላገለች። በኋላ ክምሩን ገለጥ ብታደርገው ጣቶቹ ጠቁረው በስብሰዋል። እዚያ ጭቃ ውስጥ አየር የለም፤ ዛፉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ጨው ጠጥቶ ጨዉን በቅጠሉ እንደ ላብ እያወጣ የሚኖረውን፣ ባሕር ያልጣለውን ዛፍ ዲቦር አፍንጫውን አፍና ገደለችው። ቅርፊቱ ያልደረሰበት አንድ ዛፍ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"እናቴ ስንቴ ነግራኛለች። ስደፋ ግን ትዝ አላለኝም። ስብሰባው ላይ ግን አውቅ ነበር።"

"ንገሪያቸዋ!"

"ምን ብዬ? ባሕሩን የሚመልሰውን የደሴቱን አጥር ያፈረስኩት እኔ ነኝ ልበል? ከዚያ የት ልግባ?"

ተቆጣኋት። ከዚያ እኔም ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። ጥፋቱ ለሁለት ሆነ።

ጀልባዋ በምትጎተትበት ቀን ጠዋት ዋጋን እንደ ልማዱ ለዲቦር ጓሮ መደልደያ ቅርፊት የሞላ ቅርጫት ተሸክሞ መጣ።

"የኔ እመቤት፣ ጀልባዬን ሳይወስዷት የመጨረሻ ጭነት አመጣሁልሽ" አላት እየሳቀ። "ዛፎቹ የሉም፤ ዘንድሮ ውሃው አልጋሽ ድረስ መምጣቱ ነው። ዓሣ ሆነሽ ከተገኘሽ ደግሞ ዋጋን አደረቃት ይሉኛል።"

ወደ አረንጓዴው ዛፍ ሄዶ ቅርጫቱን ሊገለብጥ አዘነበለ።

"እዚያ አትድፋ" አለች ዲቦር።

"ለምን?"

"ይሞታል። ሌሎቹንም የገደላቸው ቅርፊቱ ነው። የደፋሁት እኔ ነኝ፣ ዋጋን።"

ቅርጫቱን ቀስ አድርጎ አወረደ። ከጭቃው የወጡትን ሥሮች በእጁ ዳሰሳቸው፤ ክምሩንም አየው።

"መቼ አወቅሽ?"

"ከስብሰባው በፊት።"

"አጠገቤ ነበር የተቀመጥሽው" አለ። "ጉሮሮዬ ሲደርቅ ውሃ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ።"

ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን ሰበርኩ፤ ገባው።

ዲቦር የእግሯን ጭቃ ሳትታጠብ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች፤ ተከተልኳት። ሁሉን ነገረቻቸው፤ ጀልባዋም ሳትጎተት ቀረችለት። ዋጋን ዛሬም በደጃችን ሲያልፍ ሰላም ይለናል። ከዲቦር እጅ ግን ውሃ እንኳ አይቀበልም።