መርፌ ያረፈበት ቀን

ኩራሞቶ የትምህርቱን ቀን ሲቆርጥ የቀን መቁጠሪያ አላየም። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ኪዮቶ ውስጥ በእትዬ ሳዋ የስፌት ቤት ሲሠራ ፀጉሩ ሸብቷል። አሮጊቷ ዘንድሮ ቃል ሰጡት። ከጋና የሚመጡትን የልብስ ንድፍ ተማሪዎች አንድ ቀን አስተምሮ፣ አመሻሹ ላይ እነሱ የሠሩትን ልብስ ለአሮጊቷ ካሳየ፣ የማስተማሪያው ክፍል የእሱ ይሆናል። ካልሆነ ለእህታቸው ልጅ ነው። የእህታቸው ልጅ ቁልፍ እንኳ መትከል አይችልም።

ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ እትዬ ሳዋ ከጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ። ሳህኑ ላይ ነጭ ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የመሰለ ለስላሳ ምግብ አለ። ኩራሞቶ ቶፉውን ሲያይ ትዝ አለው። ለካ ዛሬ የመርፌ ዕረፍት ቀን ነው።

አሮጊቷ ዓመቱን የተሰበሩትን መርፌዎች አንድ በአንድ ቶፉው ላይ ሰኩ።

"ጠንካራ ጨርቅ ሲወጉ ከረሙ፤ እስቲ ለስላሳ ነገር ላይ ይተኙ" አሉ። "ዛሬ መርፌ የነካ ከዚህ ቤት ይወጣል።" ለመርፌዎቹ እጅ ነስተው ሄዱ።

"ጋሼ፣ ታዲያ በምን እንሰፋለን?" አለች ኦፎሪዋ። ከተማሪዎቹ ጃፓንኛ የምታውቀው እሷ ናት።

"አንሰፋም።"

"ስፌት ልንማር እኮ ነው የመጣነው!"

"ዝም በይ፣ እያሰብኩ ነው።"

ጓደኛዋ ኩዋቤና አንድ ነገር አንሾካሾከላት።

"ሙጫስ? ይላል።"

"ሙጫ በዚህ ቤት አይጠራም በይው።"

ኦፎሪዋ ለትምህርቱ የተዘጋጀውን ሰማያዊ ጨርቅ በእጇ መዘነችው። "አያቴ ለክብር ቀን የተሰፋ ልብስ አይለብስም። ሰፊ ጨርቅ ሰውነቱ ላይ ይጠቀልልና ጫፉን ግራ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል።"

"አይወድቅም?"

"እሱ ላይ አይወድቅም።"

ሲያጥፉና ሲጠቀልሉ ዋሉ። ኩራሞቶ በቀበቶ እንሰር ቢል፣ ያው የእናንተው ኪሞኖ ሆነ ብለው እንቢ አሉት። የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ክንድ ስለሌለው ጨርቁ ተንሸራቶ ወረደ። ኩዋቤና ለበሰው፤ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጣለው። የማይስቅ ሰው ኩራሞቶ ብቻ ነበር። ልብሱን አስወልቀው አለበሱት።

"ክንድዎን ጥብቅ ያድርጉ" አለችው ኦፎሪዋ። "እንዳይጎነብሱ ብቻ።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አለ። በሕይወቱ አንድ ቀን ሳይጎነብስ ውሎ አያውቅም።

እትዬ ሳዋ መጡ። ዞረው ዞረው አዩት። ኩራሞቶ እንደ ምሰሶ ቆሟል።

"መርፌ አልነካውም" አሉ። "ግን ልብስ ነው።" ደስ ስላላቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝቅ ብለው እጅ ነሱት። ለእሱ እንዲህ ዝቅ ብለው አያውቁም።

ኦፎሪዋ ከኋላቸው ሆና አይሆንም ለማለት ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ኩራሞቶ አይቷታል። አገጩን ብቻ ዝቅ አድርጎ ሊገላገል ሞከረ። አሮጊቷ ግን ቀና አላሉም። ወገቡ ራሱ ታጠፈ።

ጨርቁ ከትከሻው ወረደ። ደንግጦ ይቅርታ ለመጠየቅ የባሰ ጎነበሰ፤ የቀረውም ወረደ። ኩራሞቶ በረጅም የክረምት የውስጥ ሱሪና ሚስቱ በሠራችለት ቀይ የሆድ ማሞቂያ ቀረ። ማሞቂያው ላይ በክር የተጠለፈ ድመት አለ።

ኩዋቤና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"እትዬ" አለች ኦፎሪዋ ቶሎ ብላ፣ "በእኛ አገር ወንድ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም፣ ለክብር ጨርቁን ከትከሻው ዝቅ ያደርጋል።"

አሮጊቷ መሬት ላይ የተከመረውን ጨርቅ አዩ። "እስከ እግር ድረስ?"

"በጣም ትልቅ ሰው ከሆነ።"

እትዬ ሳዋ ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ድመቱን አዩ።

"የእህቴ ልጅ እንዲህ አክብሮኝ አያውቅም" አሉ። "ክፍሉ ያንተ ነው። ነገ መርፌው ሲነሳ ግን መጀመሪያ ያን ድመት ጠግነው፤ አንድ ዓይኑ ወልቋል።"

ኩራሞቶ ጨርቁን ገና መልሶ ትከሻው ላይ ማድረጉ ነበር። ሊያመሰግን ፊቱን ወደ አሮጊቷ አዞረ።

"ጋሼ፣ አይጎንብሱ!" ብለው ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ።

አልደረሱበትም።